እትዬ ቀለም የማትጽፈው ቁጥር

እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ እትዬ ቀለም ትጽፋለች። የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማሽኔ በሩ አጠገብ፣ የእሷ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር። ፊት ለፊታችን የትምህርት ቢሮው ግቢ ስላለ፣ ፎርም ይዞ ከዚያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እኛን ነው። አብረን መሥራት ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ስለ እሷ ምንም ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ወሬ ከሩቅ ይሸተኛል እያልኩ የምኮራ ሴት መሆኔ ነው እንግዲህ!

ቀለም የወጣላት ስም ነው። ጽሕፈቷን ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣላት አይችልም፤ ፊደሎቿ ጠዋት ሰልፍ እንደወጡ ተማሪዎች እኩል ይቆማሉ። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ አቤቱታ ትጽፋለች። አንድ የቢሮው ጸሐፊ ሁለት ዓመት ሙሉ የማያስገባውን ማመልከቻ እየመጣ ሲያጽፋት ከርሞ፣ ያሰበው እንዳልሆነለት ሲገባው ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ። አላገባችም፤ አልወለደችም። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራዋ ግን የኮሌጅ ምርጫ ፎርም መሙላት ነው። ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገባ ቢባልም፣ የኛ ቢሮ ዛሬም በእጅ የተሞላ ወረቀት ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ፎርሙ ላይ የኮሌጆቹ ስም ከላይ ወደ ታች ታትሟል፤ ከእያንዳንዱ ጎን አንዲት ባዶ ሣጥን አለች። ተማሪው አንደኛ ከሚፈልገው ጎን 1፣ ከሁለተኛው ጎን 2 እያለ ይሞላል። እትዬ ቀለም ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የትውልድ ዘመኑን፣ አድራሻውን ሁሉ ትጽፍና ሣጥኖቹ ዘንድ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ወረቀቱን ታዞርና እስክሪብቶውን ለተማሪው ትሰጠዋለች።

«ቁጥሩን ራስህ ጻፍ።»

«እትዬ፣ የኔ ጽሕፈት አያምርም።»

«አይመር። ያንተ ይሁን።»

ከዚያ ጣቱን ሣጥኗ ላይ አስቀምጣ ሦስት ጊዜ ትጠይቀዋለች። «አንደኛህ ይሄ ነው? ይሄ ነው? እርግጠኛ ነህ?» እኔ ከማሽኔ ጀርባ ሆኜ፣ «እትዬ፣ እማኝ አስቁመሽ አታስፈርሚያቸውም?» እያልኩ አሾፍባታለሁ። አትስቅም። ላጲስ ደግሞ በክፍላችን ክልክል ነው። አንዱ ሳያውቅ አውጥቶ መፈግፈግ ከጀመረ ተነሥታ ትወጣለች፤ ድምፁ እስኪያልቅ በረንዳው ላይ ትቆማለች። ሰው ሁሉ አመል አለው ብዬ አለፍኩት።

አንዱን ግን ማለፍ አቃተኝ። ጽፋ ስትጨርስ ሰው «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። እጁ ጥሩ የሠራን ሰው ሌላ ምን ይሉታል? እሷ «አሜን» አትልም። «እሺ» ትልና ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ሥር ታስገባለች።

«ምርቃት እኮ ነው፤ አሜን ማለት ምን ይከብዳል?» አልኳት አንድ ቀን ተናድጄ።

«ላንቺ አይከብድም» አለችኝ።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ የፎርሙ ወር ሲገባ፣ እማማ ካውያ ይመጣሉ። ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት አንሶላ ሲተኩሱ ነው የኖሩት፤ ካውያ የሚለው ስም ከዚያ ተከትሏቸው መጣ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ጆሯቸውም ደክሟል። የሚያጽፉት ነገር የላቸውም። የሚመጡት እትዬ ቀለምን ለማየት ብቻ ነው። አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ቀኝ እጇን በሁለት መዳፋቸው መሀል አድርገው ይስሙታል። «ለልጄ የጻፈች እጅ! እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።» ልጃቸው የእትዬ ቀለም የትምህርት ቤት ጓደኛ እንደነበረች፣ በወጣትነቷም እንደሞተች አውቅ ነበር። እሳቸው መጥተው የሄዱ ዕለት እትዬ ቀለም ሻይዋን በግራ እጇ ይዛ ስትጠጣ አያታለሁ፤ ቀኟን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል። የሐዘን ነገር ነው ብዬ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማሽኔ ዝም አለ፤ ዝናቡም ሰው አስቀረ። ለመነካካት ያህል፣ «እማማ ካውያ እንዲህ የሚወዱሽ ምን ያለ ነገር ጽፈሽላቸው ነው?» አልኳት። መልስ አልጠበቅሁም። እሷ ግን ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ ነገረችኝ።

እሷና ሟቿ ጓደኛዋ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። የእማማ ካውያን ልጅ እናቷ ራሳቸው «ችኩሊት» ይሏታል፤ ስትበላም፣ ስትሄድም፣ ስትስቅም የምትጣደፍ፣ የጫማዋን ማሰሪያ ደረጃ እየወረደች የምታስር ልጅ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ነው ያሳደጓት። ሁለቱ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ቀለም ያደገችው ከእንጀራ እናት ጋር ነው፤ የምትስቅበት ቤት የችኩሊት ቤት ነበር።

ኮሌጅ የሚመረጥበት ጊዜ ደረሰ። የእትዬ ቀለም አባት የሩቁን ጤና ኮሌጅ ብለው ወሰኑላት፤ ከእሳቸው ጋር ክርክር የለም። ችኩሊት ደግሞ ልቧ ያለው የቅርቡ መምህራን ኮሌጅ ላይ ነው። ከቤታቸው በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። እናቷ ብቻቸውን ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲተኩሱ ይውሉና እግራቸው አብጦ ይገባሉ። «እኔ ከሄድኩ እግሯን ማን ያሽላታል?» ትል ነበር።

ያኔ ፎርሙ ሁለት ወረቀት ሆኖ መሀሉ ካርቦን ነበረው፤ የላዩ ላይ ሲጻፍ የታቹ ላይ በሰማያዊ ይወጣል። ዲሬክተሩ፣ «ካርቦኑን አውጡና በእርሳስ ሙሉ። ከዚያ ጽሕፈቷ የሚያምረው ልጅ ካርቦኑን መልሳ በእስክሪብቶ ትደግምላችኋለች» አሉ። ያቺ ልጅ እትዬ ቀለም ነበረች። የአርባ ተማሪ ፎርም ተሸክማ አንድ ከሰዓት ሙሉ ብቻዋን ክፍል ውስጥ ተቀመጠች።

«የሷን ሳገኘው ፀሐይዋ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደርሳ ነበር» አለችኝ። «ከቅርቡ ጎን አንድ፣ ከሩቁ ጎን ሁለት። ላጲሱን አነሣሁ። አጠፋሁና ገልብጬ ጻፍኩት። ይኸው ነው። ውሃ የመጠጣት ያህል እንኳ አልፈጀም።»

«ለምን?» አልኩ። የሞኝ ጥያቄ።

«ብቻዬን መሄድ ፈራኋ!»

ምደባው ሲወጣ ሁለቱም ሩቁ ኮሌጅ ደረሳቸው። ችኩሊት አለቀሰች። ለእናቷ፣ «እኔ የቅርቡን ነው አንደኛ ያልኩት» አለች። እማማ ካውያ የሥራ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ትምህርት ቢሮ ሄዱ። አንድ ጸሐፊ ፋይሉን ገለጠና አነበበላቸው፤ አንደኛ ምርጫ፣ የሩቁ። ቤት ተመልሰው ልጃቸውን በር ላይ አቆሟት። «ውሸታም! ጥለሽኝ መሄድ ካማረሽ በግልጽ አትነግሪኝም?» ችኩሊት ማለች፣ ተገዘተች። የሚሰማት ስታጣ በመጨረሻ ራሷን ጠረጠረች። «ምናልባት ቸኩዬ ገልብጬ ጽፌው ይሆናል፤ አመሌን ታውቂው የለ» አለቻት ለእትዬ ቀለም።

«ይሆናል አልኳት» አለችኝ እትዬ ቀለም። ቆይታም ደገመችው፤ «ይሆናል አልኳት።»

ኮሌጁ በአውቶቡስ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ነው። ችኩሊት እናቷን ለመታረቅ በየሁለት ሳምንቱ ትመላለስ ጀመር። በአራተኛው ጉዞዋ አውቶቡሱ መታጠፊያ ላይ መንገዱን ስቶ ገደል ገባ። እትዬ ቀለም ያን ቀን ፈተና አለብኝ ብላ ቀርታ ነበር። ለቀብሩ የመጣች ወደ ኮሌጅ አልተመለሰችም። አባቷ ተቆጡ፣ ኋላም ለመኑ፤ አልሆነም። ከትምህርት ቢሮው ፊት ለፊት ጠረጴዛ አወጣችና የሰው ልጅ የምርጫ ፎርም መሙላት ጀመረች።

«በየዓመቱ ከሚመጡት አንዷ እሷን ትመስላለች» አለችኝ። «ደረጃው ላይ ስትሮጥ እሰማታለሁ። ቀና ስል ሌላ ልጅ ናት። እኔ እያረጀሁ ነው፤ እሷ እዚያው አሥራ ሰባት ላይ ቁጭ ብላ፣ ‹ታዲያ ነገርሻት ወይ?› ትለኛለች።»

«ሆድ ይፍጀው» አልኳት። «ካሁን በኋላ ነግረሽ እኒህን ምስኪን ሴትዮ ከምትገድያቸው፣ ሆድ ይፍጀው!» ብልህ ምክር የመከርኩ መስሎኝ ነበር። መብራቱ መጣ፤ ማሽኔም ጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሣነውም።

ዘንድሮ እማማ ካውያ ብቻቸውን አልመጡም። ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያሳደጓትን የወንድማቸውን ልጅ ይዘው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የበረንዳውን ደረጃ በሩጫ ወጥታ ከአክስቷ ቀድማ በሩ ላይ ብቅ ስትል፣ የእትዬ ቀለም እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ።

እማማ ካውያ ቀስ ብለው ደረሱና ከፌስታል ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ቢጫ ሆኗል፤ መታጠፊያው ላይ ሳስቷል። «የልጄ ነው» አሉኝ። «ያኔ ዲሬክተሩ ከሰርተፊኬቷ ጋር አምጥተው የሰጡኝ። ሊበጣጠስብኝ ነው፤ ኮፒ አንሺልኝ።» አየሁት። የምርጫው ፎርም ነው፤ በካርቦን የወጣው የታችኛው ወረቀት። እትዬ ቀለምን ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። የታችኛው ወረቀት እማማ ካውያ እጅ መግባቱን አታውቅም ነበር።

ጽሑፉ ደብዝዟል። እኔ ደግሞ ሥራዬን አውቃለሁ፤ የደበዘዘ ወረቀት ሲመጣ የማሽኑን ጥቁረት እስከ መጨረሻው እጨምረዋለሁ። ጨመርኩት። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች።

በዚህ መሀል እማማ ካውያ ወደ እትዬ ቀለም ጠጋ ብለው ሹክ አሏት። ጆሮው የደከመ ሰው ሹክ ሲል እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የቢሮው ዘበኛ እንኳ ሳይሰማ አልቀረም።

«ይቺ ልጅ የሩቁን ቅየሳ ኮሌጅ አንደኛ ልትል ነው። እኔ ሁለተኛ ልጅ ለመንገድ አልሰጥም። ቁጥሩን አንቺ ጻፊልኝ፤ የቅርቡን አንደኛ አድርጊው። እጅሽ ያምራል፣ ማን ያውቃል?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ማሽኑ ወረቀቱን ሲያወጣ ከኔ ቀድማ አነሣችው፤ ወደ አክስቷ ላለማየት ይመስለኛል፣ እሱ ላይ አፈጠጠች። ቆይታ፣ «እዚህ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ» አለች።

በትከሻዋ በኩል አየሁ። ከቅርቡ ኮሌጅ ጎን ወፍራም 2 ተጽፏል፤ ከሥሩ ቀጭን 1 አለች። ከሩቁ ጎን ወፍራም 1፣ ከሥሩ ቀጭን 2። ወዲያው ገባኝ። ችኩሊት ቸኩላ ካርቦኑን ሳታወጣ ነው በእርሳስ የጻፈችው። ላጲስ የላዩን ያጠፋል፤ የታቹ ጋ በምን ይደርሳል? ቀጭኗ ቁጥር ይህን ሁሉ ዓመት በእናቷ የልብስ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ኖራለች፤ የኔ ማሽን አጠቆረና አወጣት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ተረቱ ስንት ሌሊት እንደሚያድር ግን አይናገርም።

«ማሽኑ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ሰሞኑን አመል አውጥቷል፣ ቀለም ይተፋል።»

«ማሽኑ አይደለም» አለች እትዬ ቀለም።

ከወንበሯ ተነሣች። እማማ ካውያ እንዲሰሙ ጮክ ማለት ያስፈልጋል። ሃያ ሰባት ዓመት የደበቀችውን ነገር በጩኸት ነው የተናገረችው።

«እማማ፣ ችኩሊት አልዋሸችዎትም። የቅርቡን ነው አንደኛ ያለችው። እኔ ነኝ በላጲስ አጥፍቼ የገለበጥኩት።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ የገለበጥኩት! ብቻዬን መሄድ ፈርቼ!»

በረንዳው ላይ ወረፋ የያዙት ተማሪዎች አንገታቸውን በበሩ አሰገጉ። እማማ ካውያ እጃቸውን ወደ ልጅቷ ዘረጉ፤ ኮፒውን ሰጠቻቸው።

«የቅርቡ የቱ ጋ ነው?»

ልጅቷ የአክስቷን ጣት ይዛ ሣጥኗ ላይ አስቀመጠችው። በካውያ የተላጠ፣ ጫፉ የደነዘዘ ጣት ነው።

«ይቺ ቀጭኗ ናት?»

«አዎ፣ እቴቴ። አንድ ናት።»

«አንድ» አሉ። ፊደል ባይቆጥሩም፣ ቀጥ ብላ የቆመች አንዲት መስመር ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም። ጣታቸውን ከዚያ አላነሱም። «እኔን ነበር የመረጠችው?» አሉ። ማንን እንደጠየቁ አላውቅም። «በየሁለት ሳምንቱ ያን ሁሉ መንገድ እየመጣች፣ ‹ሞቼ ልገኝ፣ እማዬ፣ አልዋሸሁም› ስትለኝ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። ያን ቀንም ልትለኝ ነበር የምትመጣው።»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሆድ ይፍጀው ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ቀለም አላለቀሰችም፤ «ይቅር ይበሉኝ አልልም፣ እማማ» ብቻ አለች፤ ይህን ግን ስላልጮኸችው የሰሟት አልመሰለኝም።

 እማማ ካውያ ወረቀቱን አጣጠፉትና ልጅቷን ጠሯት።

«ነይ። ቁጥርሽን ጻፊ።»

«የቱን፣ እቴቴ?»

«የምትፈልጊውን ነዋ! በገዛ እጅሽ።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን ከመሬት አነሣች። 1 ጻፈች፤ አጣመመችው፣ አያምርም። የቱ ጎን እንደጻፈች አክስቷ ጠየቋት። «የሩቁ ጎን» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። እማማ ካውያ ረዘም ያለ ትንፋሽ ወሰዱ።

«በየሁለት ሳምንቱ እንዳትመጪ» አሏት። «በዓመት አንዴ ይበቃኛል። አምንሻለሁ።»

አሮጌውን ወረቀትም ኮፒውንም ደረታቸው ሥር ወተፉና ተነሡ። እትዬ ቀለም ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋች ቆማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልደበቀችውም። እማማ ካውያ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ያቺን እጅ አዩዋት፤ ያን ሁሉ ዓመት ሲስሟት የኖሩትን እጅ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምርቃት ይሁን እርግማን አልሰማንም። ጠበቅን። የልጅቷን ክንድ ይዘው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ፤ የእርምጃቸው ድምፅ ከግቢው ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ሰማነው።

እትዬ ቀለም እጇ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሲመርቃት አንድም ቀን ከአፏ ያልወጣላት ሴት፣ ባዶውን በር እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «አሜን» አለች።